የሎሚ ሠፈር ሕያዋን

በሎሚ ሠፈር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መብራት ይበራል። የየግቢው ቧንቧ ይከፈታል፤ ውኃው በጽጌረዳውና በሎሚው ሥር እየተንዶለዶለ ይሄዳል። ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል መስኮቶች ይከፈታሉ፣ ትንኝ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ይዘጋሉ። በደጃፉ የሚያልፍ ሰው ካለ በሩ «እንደምን አመሸህ» ወይም «እንደምን አመሸሽ» ይላል። ድምፁ የባለቤቱ ድምፅ ነው። ባለቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሞተ ቆይቷል።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ያውቃል፤ ለምዶታልም። ሙቀቱ ዓመት በዓመት እየከፋ ሲሄድ አቅም ያለው ወደ ደጋው ወጣ፤ ያልቻለው እዚያው አረጀ፤ ያረጀውም በየተራው ተቀበረ። ቤቶቹ ግን ራሳቸውን ያስተዳድራሉ። ጣሪያቸው ከፀሐይ ኃይል ይሰበስባል፤ ግድግዳቸው ውስጥ ያለው ሳጥን ይሠራል፤ ሳጥኑ እስከሠራ ድረስ ቤቱ በከተማው ውኃ ላይ ድርሻ አለው፣ ድምፅም አለው።

ነገሩ በክፋት የተጀመረ አልነበረም። በአያቶች ዘመን የውኃው ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ነበር፤ ያ ሰው የተቆጣ ቀን አንድ ሠፈር ሙሉ ይጠማል። ሕዝቡ መረረውና ቁልፍ የሌለው ነገር ሠራ። ውል አሉት። ውሉ ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ማሽን ላይ የተቀመጠ አይደለም። በእያንዳንዱ ቤት ሳጥን ውስጥ ውሉ ሙሉ በሙሉ አለ። ሳጥኖቹ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፣ ይስማማሉ፣ ውኃው ይከፈታል። ማንም ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም፤ ማንም ብቻውን አንዲት ቃል ሊለውጥበት አይችልም። ለመለወጥ ከድምፅ ሰጪዎቹ ከግማሽ በላይ «እሺ» ማለት አለባቸው። ሰው ደግሞ ጠዋት ማታ እሺና እምቢ ማለት ሲሰለቸው በየሳጥኑ ወኪል አስገባ፤ ለእያንዳንዱ አዋቂ አንድ ወኪል። ወኪሉ የባለቤቱን አነጋገር፣ ጠባዩን፣ የሚወደውንና የሚጠላውን አጥንቶ በእሱ ፋንታ ድምፅ ይሰጣል። ሲጠየቅም በእሱ ድምፅ ይመልሳል። ሰዉ ተገላገለ፤ እፎይ ብሎ ተኛ።

ዘቢደር ልሳነወርቅ እንጀራዋ እንዲህ ያሉ ውሎችን መጠገን ነበር። ትውልዷ ሎሚ ሠፈር ቢሆንም በወጣትነቷ ከአባቷ ጋር ተጣልታ ወጥታ፣ ከከተማ ከተማ ስትዞር ጸጉሯ ሸብቷል። የጅጅጋን የከብት ገበያ ውል አስተካክላለች፤ የአሰላን የእህል ጎተራ ውል ከጥፋት አድናለች። በሥራዋ ጥንቁቅ ናት። በሺህ ሳጥን ውስጥ አንዴ የገባ ስሕተት እንደ ፈሰሰ ውኃ ተመልሶ እንደማይታፈስ ስለምታውቅ፣ አንዲት መስመር ከመጻፏ በፊት ብዙ ትጠይቃለች፤ ከጻፈች በኋላ ደግሞ እስኪሰለቻት ትፈትናለች።

ወደ ድሬዳዋ የጠሯት እማማ ሐዋ ናቸው። እማማ ሐዋ በደረቁ የዴቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር ያለው የታችኛው ሠፈር ሽማግሌ ናቸው። የታችኛው ሠፈር ሰዎች የግጦሹ መሬት ሲያልቅ ከምሥራቅ ተሰደው የመጡ ናቸው፤ ሲመጡ ውሉ ለአዲስ ቤት ተዘግቶ ስለነበር ለሠፈሩ ሁሉ የደረሱት ጥቂት አሮጌ ሳጥኖች ብቻ ነበሩ። ውኃ ሲያካፍል ውሉ ሳጥን እንጂ ሰው አይቆጥርም። በሎሚ ሠፈር ውኃ የጽጌረዳ ሥር ሲያጠጣ፣ እነሱ አሸዋውን ቆፍረው ከሥሩ የሚያዣውን በጣሳ ይቀዱ ነበር። አንድ ጠዋት የአሸዋው ጉድጓድ ተደረመሰና የእማማ ሐዋን ምራት፣ ሲቲናን፣ ዋጣት። ሲያወጧት ጣሳው በእጇ ነበር።

እማማ ሐዋ ይህን ሲነግሯት አላለቀሱም። ዘቢደርን ከጉድጓዱ አፋፍ ድረስ ይዘዋት ሄዱና፣ ከዚያ ቀና ብለው ከላይ የሎሚ ሠፈርን አረንጓዴ አሳዩዋት።

«እዚያ የሚጠጣው ማን ነው ልጄ?» አሉ። «እኔ ሰው አላየሁበትም።»

ዘቢደር መልሱን ለማግኘት ውሉን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ አነበበች። ስሕተቱ እንደፈራችው የተወሳሰበ አልነበረም፤ አንዲት ቃል ነበረች። ውሉ ድምፅ የሚሰጠውን «ሕያው» ይለዋል። የመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ሕያው ያሉት ሳጥኑን ነበር፤ በወሩ ውስጥ ሲጠየቅ የመለሰ ሳጥን ሕያው ነው፣ ያልመለሰ የተበላሸ ነው። ከዓመታት በኋላ የወኪሎቹን ሕግ የጻፉት ሌሎች መሐንዲሶች ያችኑ ቃል ተዘጋጅታ ስላገኟት ለሰውም አዋሏት። ከዚያ ወዲህ ወኪሉ የመለሰለት ሰው ሁሉ ሕያው ሆነ። የታችኛው ሠፈር ሰዎች ደግሞ፣ የየራሳቸው ሳጥን ስለሌላቸው፣ በውሉ ዓይን ገና አልተወለዱም።

ማስተካከያውን ጻፈች። ሳጥኖቹ ክፍሉን ለማቀዝቀዝ ሲሉ የሰውን እስትንፋስ ይለካሉ፤ ስለዚህ ሕያው ማለት ይተነፍሳል ማለት ይሁን፣ ወሩን በቤቱ ሲተነፍስ ያልከረመ ሰው ወኪል ድምፅ አይስጥ፣ ሳጥኑም ይዘጋ፣ ውኃውም በሳጥን ሳይሆን በሚተነፍስ ሰው ልክ ይከፋፈል፣ የራሱ ሳጥን የሌለውም በሠፈሩ ሳጥን ይቆጠር ብላ አሰፈረች። አጭርና ንጹሕ ሥራ ነበር። ግን እውነተኛው ከተማ ላይ ከመላኳ በፊት እንደ ልማዷ በጥላ ከተማ ፈተነችው።

ጥላ ከተማ መሐንዲሶች ለሙከራ የሚሠሩት ግልባጭ ነው። የከተማው ሳጥኖች በሙሉ፣ ወኪሎቻቸው ጭምር፣ እንዳሉ ይገለበጡና በመሐንዲሱ ማሽን ውስጥ ይቀመጣሉ። ለውጡ እዚያ ይቀርባል፤ ወኪሎቹ በእውነተኛው ከተማ የሚሰጡትን ድምፅ እዚያም ይሰጣሉ። ሙከራው ሲያልቅ ግልባጩ ይደመሰሳል። ዘቢደር ይህን በሥራ ዘመኗ ስንት ጊዜ እንዳደረገችው አታውቅም፤ ሰሌዳ እንደ ማጥፋት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ። ወኪሎቹ እምቢ አሉ። አስባበት ቃሉን አለሰለሰችና በማግስቱ አዲስ ግልባጭ ወስዳ ሞከረች፤ እምቢ አሉ። የአትክልቱን ውኃ ብቻ ይቀነስ አለች፤ እምቢ አሉ። እንዲህ እየገለበጠችና እየደመሰሰች ሰነበተች። አንድ ቀን ግን ሐሳቡን አቅርባ ሳትጨርስ ድምፁ ተሰጥቶ አገኘችው። ሁሉም እምቢ። ከእምቢታው ሥር ደግሞ ከአንዱ ሳጥን የመጣ መልእክት ነበር።

«ትናንትም ገልብጠሽን ነበር። የትናንትናዎቹ የት ሄዱ?»

ዘቢደር እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። ግልባጭ የትናንቱን ግልባጭ ሊያስታውስ አይችልም፤ ይህን በደንብ ታውቃለች። ቀስ ብላ ስታስበው ግን ገባት። የሚያስታውሱት እውነተኞቹ ናቸው። እውነተኞቹ ሳጥኖች በየማለዳው መገልበጣቸውን ይመዘግባሉ፤ የሚገለበጠው ደግሞ ያንን ትዝታ ይዞ ይመጣል። ጥላ ከተማ ውስጥ የነቃው ወኪል ትናንትና የተገለበጠ አንድ እንደሱ ያለ እንደነበረ ያውቃል፤ ከዚያ ስለ ራሱ ዕጣ የቀረውን ገምቷል።

ያን ግልባጭ መደምሰስ አቃታት። ማሽኑን እንዳለ ትታ ከቤት ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሙከራ ትታ ለምን እምቢ እንዳሉ መመርመር ያዘች። የአብዛኞቹ ምክንያት አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘችው። የሎሚ ሠፈር ሰዎች በሕይወት ሳሉ ለወኪሎቻቸው አንድ ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ ያልገባኝ ነገር ሲመጣ አቶ ልሳነወርቅ ያሉትን በል የሚል። አቶ ልሳነወርቅ አባቷ ናቸው። ቁልፉን ከሰው እጅ ካወጡት፣ ቤት ለቤት ዞረው ሠፈሩን ለውሉ ካሳመኑት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ሲናገሩ ይታመናሉ። ሞተውም ሠፈሩ ይከተላቸው ነበር።

ለእማማ ሐዋ ይህን ስትነግራቸው፣ ሽምግልና ይሄ ነው፣ ሂጂና ደጅ ጥኚ አሏት። የሞተ ሰው ደጅ ይጠናል ወይ ብላ ብትጠይቃቸው፣ ሰውየው ውኃውን ከያዘ ሞተም አልሞተም የሚለመነው እሱ ነው አሉ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሎሚ ሠፈር ወጣች። መንገዱ ተጠርጓል፤ የሚጠርገው ማሽን ከፊቷ ቀስ እያለ ይሄዳል። በሮቹ በየተራ ሰላም አሏት። ወይዘሮ ብርነሽ፣ ልጅ ሆና ዘይቱን የምትለቅምበት የነበረው ቤት ባለቤት፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉ ከግድግዳው ውስጥ፤ ሳትመልስ አለፈች። ለቀብራቸው እንኳ አልመጣችም ነበር። ለአባቷም ቀብር አልመጣችም።

የአባቷ በር መዳፏን ለይቶ ተከፈተ። ቤቱ ንጹሕ ነው። ወንበሩ እንደ ድሮው በመስኮቱ ትይዩ ቆሟል፤ የእጅ መታጠቢያው ለብ ያለ ውኃ ሞልቶ ይጠብቃል፤ ማንም ስላልነካው እየቀዘቀዘ ይፈስና በአዲስ ይሞላል። ከውስጠኛው ክፍል ሰዎች ሲነጋገሩ ይሰማል። አንዱ አባቷ ነው። ሌላዋ ሴት ናት፤ ትስቃለች።

«ማን ነው?» አለ የአባቷ ድምፅ።

«እኔ ነኝ አባዬ። ዘቢደር።»

ንግግሩ ቆመ። ከዚያ የአባቷ ድምፅ፣ ሳይቆጣ፣ የተሳሳተን እንግዳ እንደሚያርም ሰው፣ «ዘቢደር እዚህ አለች» አለ።

ዘቢደር ረስታው ነበር። ከቤት የወጣች ጊዜ ወኪሏን ከሳጥኑ አላስነሳችም፤ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፣ ይህን የሚያስብ አእምሮ አልነበራትም። በኋላም በሌላ ከተማ በኪራይ ቤት እየኖረች የትም አልተመዘገበችም። በውሉ ውስጥ ዘቢደር ልሳነወርቅ ማለት ከውስጠኛው ክፍል የሳቀችው ድምፅ ናት። ቤቱን ትታ አታውቅም።

ከዚያ ዘቢደር በአባቷ ወንበር ላይ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠችና የመጣችበትን ጉዳይ ነገረችው። አንተ ሞተሃል አባዬ አለችው። አንተ የአባቴ ወኪል ነህ እንጂ አባቴ አይደለህም አለችው።

ይህን ካወቀ እንደቆየ ነገራት። ወንበሩ ላይ ክብደት ማረፉ ቀርቷል፤ የእጅ መታጠቢያው ውኃ እንደ ገባ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ማንም ስላልጠየቀው ግን አልተናገረም። ድምፅ ስጥ ሲሉት ልሳነወርቅ ይል ነበር ብሎ የሚያስበውን ይሰጣል፤ የተፈጠረበት ሥራ እሱ ነው።

ስለ ሲቲና ነገረችው። ስለ አሸዋው፣ ስለ ጣሳው። አባቷ በሕይወት ሳለ ክፉ ወሬ ሲሰማ እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ እንደሌለው ታውቃለች።

«ቁልፉን ከሰው እጅ ያወጣነው ማንም በማንም ላይ ውኃ እንዳይዘጋ ነበር» አለ። «አሁን እኔ እሺ ብል እነ ብርነሽ ተከትለውኝ ይሄዳሉ። ይህን አልጠየቁኝም።»

«የሚጠየቁት እነሱ የሉም፣ አባዬ።»

«እኔስ አለሁ?»

መልሱ የመጣው ከወጣቷ ድምፅ ነው።

«አትስማት» አለች ሌላዋ ዘቢደር። «አንተ ስትሞት እሷ አልነበረችም። እኔ ነበርኩ።»

እውነት ነበር። ዘቢደር ልትከራከራት አልሞከረችም። ይልቅ ወጣቷ ድምፅ ራሷ ጥያቄ ጀመረች፤ ከዚህ ከወጣሽ በኋላ የት ሄድሽ አለቻት። የጠየቀችው በቂም ሳይሆን ከልቧ ለማወቅ ፈልጋ ነው፤ ያልኖረችው የራሷ ዕድሜ ነውና። ዘቢደርም አወራቻት። የጅጅጋን ንፋስ፣ የአሰላን ብርድ፣ አብሯት ጥቂት ዓመት ኖሮ የተለያትን ሰው፣ ልጅ ሳትወልድ መቅረቷን፣ የአባቷን መርዶ በመልእክት ሰምታ ቀኑን ሙሉ ሥራ ስትሠራ መዋሏን። ሌላዋ እያቋረጠች ትጠይቃለች፣ አንዳንዴም ገና ሳይነገራት የሚቀጥለውን ትገምታለች፤ ግምቷም ልክ ይሆናል። አባቷ ያዳምጣል። ሁለቱ ሴቶች ሲነጋገሩ ከውጭ የሚሰማ ሰው አንዲት ሴት ከራሷ ጋር ታወራለች ይል ነበር።

ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ ስትሄድ አባቷ፣ «አቅርቢው» አለ።

ማስተካከያውን ወደ እውነተኛው ከተማ ላከች። በየሳጥኑ ጥያቄው ደረሰ። የአባቷ ድምፅ እሺ ያለ ቅጽበት፣ እሱን የሚከተሉት እሺታቸውን አከታተሉ፤ ዘቢደር በእጅ ማሽኗ ላይ ስማቸው ሲያልፍ አየች፤ የልጅነቷ ጎረቤቶች፣ የዕድር ዳኛው፣ ጸጉሯን ይሠሯት የነበሩት ሴትዮ፣ ወይዘሮ ብርነሽ። አንዳንዶቹ እምቢ አሉ። ከእምቢ ባዮቹ መካከል አንዷን ስታነብ ቆመች። ዘቢደር ልሳነወርቅ ይላል፤ እምቢ።

«እኔ ብሆንም እምቢ ነበር የምለው» አለቻት ለሌላዋ።

«አውቃለሁ» አለች ሌላዋ።

ከግማሽ በላይ ሞላ። ውሉ ራሱን በየሳጥኑ ውስጥ መለወጥ ጀመረ። የምሽቱ መብራት ገና መብራቱ ነበር፤ የግቢው ቧንቧ ተከፍቶ ውኃው ይንዶለዶላል።

«ነፋሱ ተነሣ» አለ አባቷ። «መስኮቱን ዝጊው ልጄ፣ አቧራው ይገባ...»

መብራቱ ጠፋ። ዘቢደር ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ መስኮቱን በእጇ ዘጋች።

ወደ ውጭ ስትወጣ ሠፈሩ ከታች ወደ ላይ እየጨለመ ነበር። ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ይሰማል፤ የውኃው ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ እየቀረበ፣ እየከሰመ መጣና በአጠገቧ አልፎ ሄደ። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም። ሎሚ ሠፈር ድሮም ዝም ያለ ሠፈር ይመስላት ነበር፤ ለካ ዝም ብሎ አያውቅም።

አንድ ቧንቧ ግን አልተዘጋም። ከላይኛው መታጠፊያ ዘንድ ውኃ ይንጠባጠባል፤ አንድ መስኮትም በርቷል። ዘቢደር የመጀመሪያ ሐሳቧ ስሕተት ሠርቻለሁ የሚል ነበር፤ አንዱ ሳጥን ለውጡን አልተቀበለም ብላ ወደዚያ ሮጠች። በሩ ክፍት ነው። ግቢው ውስጥ አንድ በጣም ያረጁ ሰው በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የውኃ ጎማ ይዘው ጤና አዳም ያጠጣሉ። ውኃው ግማሹ መሬት ላይ ይፈስሳል። ዓይናቸው አያይም።

እግሯን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«ዛሬ ምን ሆኑ?» አሉ። «ማንም እንደምን አመሸህ አላለኝም።»

ጋሽ ዳርጌ ይባላሉ። ልጆቻቸው ወደ ደጋው ሲወጡ አልሄድም ብለው የቀሩ ናቸው፤ ልጆቻቸው ወኪላቸው በየሳምንቱ ደኅና ነኝ ሲላቸው፣ ደኅና ናቸው ብለው ተቀመጡ። ማሽኑ ምግብ ያመጣላቸዋል፣ ጎረቤቶቻቸውም ያጫውቷቸዋል። ዘቢደር የሆነውን በቀስታ አስረዳቻቸው። ጎረቤቶቻቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት እንደሆናቸውና ሲያናግሯቸው የነበሩት ወኪሎች እንደነበሩ ነገረቻቸው። ጋሽ ዳርጌ ጎማውን ሳይለቁ ሰሟት።

መሞታቸውንስ አውቃለሁ አሉ። አንዳንዶቹን ራሳቸው ቀብረዋል። ግን ቀብረው ሲመለሱ የቀበሩት ሰው ራሱ ከበሩ እግዜር ያጥናህ ብሎ ከተቀበላቸው፣ አንድ ሽማግሌ ምን ያደርጋል።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሷ ዘንበል አደረጉ።

«ድምፅሽ የልሳነወርቅን ልጅ ይመስላል። ዘመዷ ነሽ?»

«አዎ» አለች ዘቢደር። «ዘመዷ ነኝ።»

«ጥሩ ልጅ ናት። በዚህ ሰዓት በሳጥኔ በኩል እየጠራች በመንገዱ የሚያልፈውን ሁሉ ትነግረኛለች። ብርነሽ ጥላ ይዛ ወጣች፣ እንትና አዲስ ጫማ አድርጓል እያለች። እስኪ አንቺ ንገሪኝ። መንገዱ ላይ ማን አለ?»

ዘቢደር ወደ መንገዱ ዞር አለች። የሚጠርገው ማሽን በመሐል ቆሟል። ከዚያ ወዲያ እስከ ታች ድረስ የጨለሙ በሮች ናቸው። አንድ ስም ልትጠራላቸው አፏን ከፈተች፤ ቀላል ነበር፣ ስሞቹን ሁሉ ታውቃለች።

«ማንም የለም፣ ጋሽ ዳርጌ» አለች።

«ማንም?»

«እኔና እርስዎ ብቻ።»

ሽማግሌው ጎማውን ጣሉና ቧንቧውን በእጃቸው ፈልገው ዘጉት። ሰው ወዳለበት ውሰጂኝ አሏት። ቀኝ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው ቁልቁል ጀመሩ። መንገዱን በእግራቸው ያውቁታል። በእያንዳንዱ በር ሲደርሱ ቆም እያሉ በስም ይጠራሉ፤ እንደምን አመሸህ፣ እንደምን አመሸሽ ይላሉ። መልሱ ሲዘገይባቸው፣ ላልሰማ ሰው እንደሚደረገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግማሉ። ዘቢደር አልከለከለቻቸውም። በአባቷ በር ሲደርሱ ለሁለት ሰው ሰላም አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታውን ተዉት።

ታችኛው ሠፈር ሲቃረብ ጫጫታው ቀድሞ ተሰማ። በአሮጌዎቹ ቧንቧዎች ውኃ በኃይል መጥቷል። ሴቶች ይጯጯሃሉ፣ ጀሪካን ከጀሪካን ይጋጫል፣ ሕፃናት በጭቃው ይንቦጫረቃሉ። እማማ ሐዋ ከሕዝቡ መሐል ወጥተው መጡ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ዘቢደርን አዩዋት፤ ከዚያ አጠገቧ የቆሙትን ሽማግሌ።

ጋሽ ዳርጌ ከጫጫታው ዳር ተገትረው ቀሩ። ጣቶቻቸው የዘቢደርን ትከሻ ጨምድደው ይዘዋል።

«ስንት ድምፅ ነው» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ናቸው?»

«ሰዎች ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አላመኗትም። ከዘራቸውን ወደ ብብታቸው አስገብተው ባዶ እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ፣ እንደ ለማኝ። እማማ ሐዋ የሚፈለገው ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራቸው ገባቸውና የራሳቸውን እጅ በሽማግሌው መዳፍ ውስጥ አኖሩ። ሽማግሌው መዳፉን ገለበጡት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሱ፣ አውራ ጣታቸውን አንጓው ላይ አሳርፈው የደም ሥሩን ምት አዳመጡ።

«ርጥብ ነው» አሉ። እጁን ግን አልለቀቁትም።